አንድ ስልክ፣ አንድ ላፕቶፕ፣ 60 ተማሪ፦ ለክፍል መምህራን የሚሆኑ ነጻ የቴክኖሎጂ መላዎች

ለመምህራን የሚሰጡ የቴክኖሎጂ ሥልጠናዎች ብዙውን ጊዜ ፕሮጀክተር፣ ፈጣን ኢንተርኔትና ለእያንዳንዱ ተማሪ ታብሌት ያለ ያህል ቆጥረው ይጀምራሉ። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ግን አንድ አንድሮይድ ስልክና ምናልባት አንድ ያረጀ ላፕቶፕ ይዞ፣ መብራትም ኔትወርክም እንደፈለጉ በሚመጡበትና በሚሄዱበት ትምህርት ቤት 60 ተማሪ ለሚያስተምር መምህር ነው።

የምንከተለው ደንብ አንድ ነው። ኢንተርኔት የሚፈልገው ሥራ ቤት ወይም ስታፍ ውስጥ አልቆ ይምጣ፤ ወደ ክፍል የሚገባው ኔትወርክ ባይኖርም የሚሠራው ብቻ ይሁን። ከዚህ ደንብ የሚወጣ አንድ ነገር አለ፤ ቦታው ሲደርስ እንነግርዎታለን። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። ብዙ መምህራን ከተማሪው መዝናኛ ይጀምሩና በሁለት ሳምንት ይሰለቻሉ። ቀድመው የራስዎን ጊዜ ከሚበላው ሥራ ቢጀምሩ ይሻላል፤ እሱም ማርክ ሊስት ነው።

ማርክ ሊስትን ከካልኩሌተር ማላቀቅ

ኤክሴል ከሌለዎት ጉግል ሺትስ በስልክም በላፕቶፕም በነጻ ይሠራል፤ ሊብሬ ኦፊስም በነጻ ይጫናል። ፎርሙላ ሲጽፉ የቃሉና የኮለሙ ፊደል የግድ እንግሊዝኛ ነው፤ እኛ ከዚህ በታች አነባበባቸውን በፊደላችን አስቀምጠናል።

1. የመጀመሪያውን ረድፍ ለርዕስ ይተዉት። ኮለም ኤ መለያ ቁጥር፣ ቢ ሙሉ ስም፣ ሲ ጾታ፣ ዲ ቴስት 1፣ ኢ ቴስት 2፣ ኤፍ የቡድን ሥራ፣ ጂ ሚድ፣ ኤች ማጠቃለያ፣ አይ ድምር፣ ጄ ደረጃ።

2. በሁለተኛው ረድፍ እያንዳንዱ ከስንት እንደሚያዝ ይጻፉ፦ 10፣ 10፣ 10፣ 20፣ 50። ትምህርት ቤትዎ ሌላ ክፍፍል ካለው በዚያው ይተኩት። ተማሪዎቹ ከ3ኛው ረድፍ ይጀምራሉ፤ 60 ከሆኑ 62ኛው ላይ ያልቃሉ።

3. ከዲ3 እስከ ዲ62 ያለውን መርጠው ዳታ ከሚለው ሜኑ ዳታ ቫሊዴሽን ውስጥ ይግቡና ከ0 እስከ 10 ያለ ቁጥር ብቻ እንዲቀበል ያድርጉ። ለሌሎቹም በየልካቸው። በድካም ሰዓት 8 ለማለት 88 የሚመታ ጣት የሚያዘው እዚህ ላይ ነው።

4. አይ3 ላይ፦ =ኢፍ(ካውንት(ዲ3:ኤች3)<5,"ያልተሟላ",ሰም(ዲ3:ኤች3)) ብለው እስከ 62 ይጎትቱት። ዝም ብሎ መደመር ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ሚድ ያልተፈተነ ተማሪ እንደ ሰነፍ ተቆጥሮ 38 ሆኖ ያልፋል፣ ማንም አያስተውለውም። ይህኛው አምስቱም ውጤት ካልገባ ድምር አይሰጥም። ተፈትኖ ዜሮ ያመጣ ከሆነ 0 ይጻፉለት፤ ያልተፈተነውን ባዶ ይተዉት። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

5. ጄ3 ላይ፦ =ራንክ(አይ3,አይ$3:አይ$62)። የዶላር ምልክቶቹን መርሳት በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ያለ እነሱ ፎርሙላው ወደታች ሲጎተት የሚያወዳድራቸው ተማሪዎች እየቀነሱ ይሄዱና በመጨረሻው ረድፍ ያለው ልጅ ሁልጊዜ 1ኛ ይወጣል። ውጤቱ ያልተሟላ ተማሪ ላይ የሚመጣው ስህተት የሚል ምልክት አያስደንግጥዎ፤ ውጤቱ ሲሟላ ይጠፋል።

6. ለርዕሰ መምህሩ ሪፖርት ስንት ሴት ተማሪ 50 እና ከዚያ በላይ እንዳመጣች ሲጠየቁ፦ =ካውንትኢፍስ(ሲ3:ሲ62,"ሴ",አይ3:አይ62,">=50")። ለወንዶቹ "ሴ" የሚለውን ብቻ ይቀይሩ።

ፎርሙላ ትክክል ሆኖ ሳለ ውጤቱ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከአጻጻፍ ነው። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ እንዳለ ነጠላ ሰረዝ ከመቱ የሚገባው የግዕዙ «፣» ነው፤ ፎርሙላው ደግሞ የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ብቻ ነው። ውጤትን እንደ ወረቀት ላይ 7/10 ብለው ከጻፉም ፕሮግራሙ ቀን መስሎት ወደ ኦክቶበር 7 ወይም ጁላይ 10 ይለውጠዋል። ቁጥሩን ብቻ ይጻፉ።

በፊደል ተራ ለመደርደር ከፈለጉ ከ3ኛው ረድፍ ጀምሮ ያለውን ሠንጠረዥ በሙሉ ይምረጡ፤ የስሙን ኮለም ብቻ መርጠው ከደረደሩ ስሞቹ ይንቀሳቀሳሉ፣ ውጤቶቹ ግን ባሉበት ይቀራሉ፣ የአበበን ውጤት ለአልማዝ ሰጡ ማለት ነው። ደግነቱ ኮምፒውተሩ የግዕዝ ፊደልን የሚደረድረው በለመድነው በሀ ለ ሐ መ ተራ ነው።

ሆም ሩም ሆነው ሮስተር የሚሠሩ ከሆነ የየመምህሩን ሺት በስም ለማገናኘት አይሞክሩ። አንዱ መምህር ኃይሌ፣ ሌላው ሃይሌ፣ ሦስተኛው ሀይሌ ብሎ ይጽፋል፤ ለእኛ አንድ ልጅ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሦስት። ሰሎሞንና ሠሎሞን፣ ዓለምና አለም እንዲሁ። ከስሙ ኋላ የቀረች የማትታይ አንዲት ባዶ ቦታ እንኳ ትለያያቸዋለች። መፍትሔው በዓመቱ መጀመሪያ ለሁሉም የትምህርት ዓይነት መምህራን አንድ ዓይነት መለያ ቁጥር ያለው ዝርዝር መስጠትና ቪሉክአፕ በሚባለው ፎርሙላ በቁጥሩ ብቻ መሳብ ነው። ቪሉክአፕ ሲጠቀሙ የመጨረሻው ቃል ፎልስ ይሁን፤ ካልሆነ የጎደለ ቁጥር ሲገጥመው ስህተት በማሳየት ፈንታ የቅርቡን ተማሪ ውጤት አምጥቶ ይሰካል።

ፋይሉን በየሳምንቱ ወደ ቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅስ ይላኩት። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ወይም ሃርድ ዲስኩ ቢሞት የሚያድንዎት እሱ ነው።

ፈተናው ኮፒ ቤት ሲደርስ አራት ማዕዘን እንዳይሆን

ቤት ያማረ ፈተና ኮፒ ቤት ሲከፈት ፊደሉ ወደ ባዶ ሳጥን ወይም ወደማይነበብ የላቲን ምልክት ይለወጣል። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ጽሑፍ ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮችና ስልኮች ሁሉ ፊደልን ከሚያውቁበት የጋራ አሠራር) ውጭ ስለሚቀመጥ ያ ፎንት በሌለበት ማሽን አይነበብም፤ ስልክ ላይ ደግሞ ጨርሶ ተስፋ የለውም። ሁለተኛው፣ ጽሑፉ ዩኒኮድ ቢሆንም ፎንቱ እዚያ ከሌለ በሌላ ይተካና ገጹ ይገፋፋል፣ የጥያቄ 12 ምርጫዎች ወደ ሌላ ገጽ ይሻገራሉ።

ስለዚህ በዩኒኮድ ይጻፉ። ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይም ኢብሪማ ፎንት፣ ስልክ ላይ ጂቦርድ ላይ አማርኛን መጨመር ይበቃል። ሲጨርሱ ከወርዱ ፋይል በተጨማሪ ሴቭ አዝ ብለው ፒዲኤፍ ያውጡ፤ ለኮፒ ቤቱ የሚሰጡት ፒዲኤፉን ብቻ ነው። ፒዲኤፍ ፊደሉንም አቀማመጡንም ይዞ ይሄዳል።

ፍላሽዎ ከኮፒ ቤት ሲመለስ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ካገኟቸው አይክፈቷቸው፤ ቫይረሱ ወደ ላፕቶፕዎ የሚገባው ሲከፍቷቸው ነው። ዋናዎቹ ፋይሎች አብዛኛውን ጊዜ አልጠፉም፣ ተደብቀው ነው። በፋይል ኤክስፕሎረር ቪው ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ፤ ካልታዩ በፎልደር ኦፕሽንስ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት ያንሱ። ሰነዶችዎን ብቻ ወደ ላፕቶፑ ይቅዱ፣ ፍላሹን ፎርማት ያድርጉ፣ ላፕቶፑን በዊንዶውስ ዲፌንደር ይፈትሹ። የፈተና ፋይል ያለበትን ፍላሽ ኮፒ ቤት ሰክቶ መሄድ ግን ከቫይረስም የከፋ ነገር ያመጣል፤ ፒዲኤፉ ሲታተም አጠገቡ ይቁሙ፣ ከኮምፒውተሩ ላይም ያስጠፉት።

ቤተ ሙከራ በሌለበት ሙከራ

ለፊዚክስ፣ ለኬሚስትሪና ለሒሳብ መምህር ከነጻ ሀብቶች ሁሉ አንድ ብቻ ምረጡ ብንባል የምንመርጠው ፌትን ነው፤ በእንግሊዝኛ ፒ፣ ኤች፣ ኢ፣ ቲ ተብሎ ይጻፋል። በ2001 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል የተሸለሙት ካርል ዋይማን በ2002 በአሜሪካ ኮሎራዶ ቦልደር ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት የሲሙሌሽን ፕሮጀክት ነው። ጥቅሙ አዳዲሶቹ ሲሙሌሽኖች እያንዳንዳቸው በአንድ ፋይል ሊወርዱና ያለ ኢንተርኔት በክሮም ሊከፈቱ መቻላቸው ነው። የሚፈልጉት ኤችቲኤምኤል 5 የሚለውን ነው፤ ጃቫና ፍላሽ በሚባሉ የቆዩ ፕሮግራሞች የተሠሩት የድሮዎቹ ስልክ ላይ አይሠሩም።

ፋይሉን በቴሌግራም ለሌላ ስልክ ሲልኩ ሲከፈት ነጭ ገጽ ብቻ የሚመጣባቸው ይኖራሉ። ስልኩ ሲሙሌሽን ለማጫወት አቅም በሌለው የኤችቲኤምኤል ማሳያ ስለከፈተው ነው። ፋይሉን ወደ ዳውንሎድስ አስቀምጠው ከፋይል ማኔጀር «ክፈት በ» ብለው ክሮምን ይምረጡ።

የኤሌክትሪክ ዑደትን ላስተምር ቢሉ ሰርኪት ኮንስትራክሽን ኪት ዲሲ የሚባለውን ያውርዱ። የአንድ ክፍለ ጊዜ አካሄድ እንዲህ ይሆናል፦

ባትሪ፣ አምፖልና ሽቦ ጎትተው አንድ ዑደት ይዝጉ። ባትሪው ሳይነካ 9 ቮልት፣ አምፖሉ 10 ኦም ነው፤ አሚተሩ 0.90 አምፒር ያሳያል። አሁን ሁለተኛ አምፖል በተከታታይ ሊጨምሩ ነው፤ ከመጨመርዎ በፊት ግን ስልኩን ያስቀምጡና ተማሪዎቹ «ብርሃኑ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ አይለወጥም?» ለሚለው መልሳቸውን ደብተራቸው ላይ እንዲጽፉ ያድርጉ። ይህን ደረጃ መዝለል ሲሙሌሽኑን ወደ ቪዲዮ ጌም ይለውጠዋል። ከዚያ ያሳዩ፦ 0.45። ሁለቱን በትይዩ ሲያደርጓቸው እያንዳንዱ 0.90፣ ከባትሪው የሚወጣው 1.80 ይሆናል፤ ተማሪው ኦም ሕግን ሰሌዳ ላይ አስልቶ ከአሚተሩ ጋር ያስተያያል። መጨረሻ ላይ ባትሪውን በሽቦ ብቻ አገናኝተው ሾርት ያድርጉት። ስክሪኑ ላይ ባትሪው በእሳት ይያያዛል፤ ክፍሉ ይስቃል፣ ቤት ውስጥ ግን ለምን እንደማይሞከር ማስረዳት ያን ጊዜ ይቀላል።

ፕሮጀክተር ከሌለ 60 ተማሪ አንድ ስክሪን አያይም፤ አይሞክሩት። ክፍሉን በ6 ቡድን ይከፋፍሉና አንዱ ቡድን ከላፕቶፑ ጋር 6 ደቂቃ ሲሠራ የቀሩት የስሌት ጥያቄ ይሥሩ። ሁሉም ቡድን በአንድ ክፍለ ጊዜ ስለማይደርስ በሁለት ቀን ይክፈሉት።

ውክፔዲያን በኪስ ይዞ መግባት

ኪዊክስ ውክፔዲያንና ሌሎች ድረ ገጾችን ጠቅልሎ ያለ ኢንተርኔት የሚያስነብብ ነጻ መተግበሪያ ነው። ጽሑፎቹ ዚም በሚባሉ ፋይሎች ይወርዳሉ። ሙሉው የእንግሊዝኛ ውክፔዲያ ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋባይት በላይ ስለሆነ እሱን አያስቡት። በመተግበሪያው ዝርዝር ውስጥ ለፊዚክስ፣ ለኬሚስትሪ፣ ለሒሳብ ተለይተው የተጠቀለሉ አሉ፤ ሥዕል የሌላቸው ደግሞ በጣም ያንሳሉ። የአማርኛው ውክፔዲያ ትንሽ ስለሆነ በቀላሉ ይወርዳል፤ የፌት ሲሙሌሽኖችም ተሰብስበው በአንድ ፋይል ይገኛሉ። የሌሊት ጥቅል ገዝተው፣ ስልኩን ቻርጀር ላይ ሰክተው ማውረድ ነው። ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል ወደ ሚሞሪ ካርድ አልገለበጥ ካለ ካርዱ ፋት 32 በሚባል አሠራር ስለተዘጋጀ ነው፤ ይዘቱን ወደ ሌላ ቦታ አውጥተው በኤክስፋት ፎርማት ያድርጉት።

ብዙ መምህራን የማያውቁት የኪዊክስ ችሎታ አለ፦ ስልክዎ ለክፍሉ ትንሽ ኢንተርኔት ይሆናል።

መጀመሪያ የእርስዎን የሞባይል ዳታ ያጥፉ። ይህን ከረሱ የተማሪው ሁሉ ስልክ በእርስዎ ጥቅል ላይ ራሱን ያዘምናል። ሆትስፖት ይክፈቱ፣ የይለፍ ቃሉን ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። በኪዊክስ ሜኑ ውስጥ ሆስት ቡክስ የሚለውን ከፍተው መጽሐፎቹን ይምረጡና ሰርቨሩን ያስነሱ። እንደ 192.168.43.1:8080 ያለ አድራሻ ይመጣል፤ በየስልኩ ይለያያል። ተማሪዎች ከሆትስፖቱ ጋር ተገናኝተው አድራሻውን ክሮም ላይ ይጽፋሉ።

አልከፍት የሚለው ስልክ አብዛኛውን ጊዜ «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም» ብሎ በራሱ ወደ ሞባይል ዳታ የተመለሰ ነው። ዳታውን ማጥፋት ይፈታዋል። ብዙ ስልኮች ከ8 እስከ 10 መሣሪያ ብቻ ስለሚያስተናግዱ በቡድን አንድ ስልክ በቂ ነው። ትምህርት ቤቱ ተማሪ ስልክ ይዞ እንዳይገባ ከከለከለ በጓሮ በር አይሞክሩት፤ ለዚያ ክፍለ ጊዜ ብቻ በጽሑፍ ያስፈቅዱ፣ ካልተፈቀደም ኪዊክስ ለእርስዎ ለራስዎ ዝግጅት ይበቃል።

የኮምፒውተር ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ደግሞ ኮሊብሪን ይመልከት። ለርኒንግ ኢኳሊቲ የተባለው ግብረ ሰናይ ድርጅት የሠራው ነጻ ሶፍትዌር ሲሆን ካን አካዳሚ የተባለውን ነጻ የትምህርት ድረ ገጽ ቪዲዮዎችና መልመጃዎች አንድ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጣል፤ ሌሎቹ በገመድ ወይም በዋይፋይ ተገናኝተው ያለ ኢንተርኔት ይጠቀማሉ። የመምህሩ ገጽ ማን የትኛው ጥያቄ ላይ እንደተሳሳተ ያሳያል።

ተማሪው ስልክ ሳይነካ ፈጣን ጥያቄ

ቀደም ብለን ከደንቡ ይወጣል ያልነው ፕሊከርስ የተባለው የጥያቄና መልስ መተግበሪያ ነው፤ የመምህሩ ስልክ ክፍል ውስጥ ኢንተርኔት ይፈልጋል፣ ግን ትንሽ ብቻ። ተማሪው የሚይዘው ወረቀት ነው። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ የራሱ የሆነ ጥቁር ምልክት አለ፤ በአራቱ ጎኖች ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ተጽፏል። ተማሪው የመረጠውን ፊደል ወደ ላይ አድርጎ ያነሳል፣ እርስዎ በስልክዎ ካሜራ ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ይቃኛሉ። ምልክቱ የሁሉም ስለሚለያይ ጎረቤት መኮረጅ አይችልም።

ከድረ ገጹ ባለ 63 ካርዱን ስብስብ ያትሙ፤ የተለመደው 40 ብቻ ስለሆነ ለእኛ ክፍል አይበቃም። የካርዱ ቁጥር ከተማሪው ተራ ቁጥር ጋር አንድ ይሁን። ወረቀቱን በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ አያሸጉት፤ ከመስኮት የሚመጣው ብርሃን ያነጸባርቅና ካሜራው አያነብም። በካርቶን ላይ መለጠፍ ይሻላል። ጣቱን ጥቁሩ ላይ የሚያሳርፍ ተማሪም አይነበብለትም፤ ዳሩን እንዲይዙ ያስለምዷቸው። ነጻው አካውንት በአንድ ስብስብ 5 ጥያቄ ብቻ ይፈቅዳል፤ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ይጻፉት፣ ፕሮጀክተር አያስፈልግም።

ጥያቄ ለማውጣት ቻትጂፒቲን ወይም ጄሚኒን መጠቀም ይቻላል፤ የመጽሐፉን ገጽ ሰጥተው «ከዚህ ብቻ 10 ጥያቄ አውጣ» ማለት ዝም ብሎ ርዕስ ከመስጠት የተሻለ ያመጣል። የመልስ ቁልፉን ግን ሳይፈቱ አይመኑት። ስሌት ላይ ይሳሳታል፣ በአማርኛ ሲጽፍም መጽሐፉ የማይጠቀምበትን ቃል ይፈጥራል።

ቴሌግራም፦ ግሩፕ ሳይሆን ቻናል

60 ጎረምሳ ያለበት ግሩፕ ከፍቶ በሰላም የተኛ መምህር የለም። ቻናል ይክፈቱ፤ የሚጽፉት እርስዎ ብቻ ነዎት። የፋይል ስም «አዲስ ሰነድ 3» ሳይሆን «ፊዚክስ 9 ምዕራፍ 3 ማስታወሻ» ይሁን፤ ከሥሩ #ምዕራፍ3 ብለው በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይችላሉ፣ ተማሪው ሲነካው የዚያ ምዕራፍ ሁሉ ይወጣለታል። በእጅ የጻፉትን ማስታወሻ በተራ ፎቶ አይላኩ። ጉግል ድራይቭ ላይ የመደመር ምልክቱን ነክተው ስካን የሚለውን ይምረጡ፤ ጥላውን አጥርቶ ሁሉንም ገጽ አንድ ፒዲኤፍ ያደርገዋል።

ለጥያቄ ፖል ውስጥ ገብተው ኪዊዝ ሞድን ያብሩ፣ ትክክለኛውን መልስ ምልክት ያድርጉ፣ ማብራሪያ በሚለው ቦታ ለምን እንደሆነ በ200 ፊደል ይጻፉ። ለተሳሳተው ተማሪ ዋናው ትምህርት ያ ማብራሪያ ነው። ቻናል ላይ ማን ምን እንደመለሰ ስለማይታይ ለማርክ አይጠቀሙበት።

መልእክትን በቀጠሮ ለመላክ የመላኪያውን ምልክት ተጭነው ይያዙ። ሰዓቱን ሲሞሉ ስልኩ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት መሆኑን ያስታውሱ፦ ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለት 8 ፒኤም ወይም 20:00 ነው። ዝም ብሎ 2:00 ብሎ የሞላ መምህር የቤት ሥራውን ለሌሊቱ 8 ሰዓት ቀጥሯል።

የተማሪዎችን ውጤት በስም ዝርዝር ቻናል ላይ አይለጥፉ፤ ስክሪንሾቱ ሰፈር ይዞራል። ስልክ ቁጥርዎን በፕራይቬሲ ውስጥ ለማንም እንዳይታይ ያድርጉ። ከዚያው ገጽ ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚለውን (ከመግቢያ ኮዱ በተጨማሪ የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) አብርተው የይለፍ ቃል ያስገቡ፣ ማስመለሻ ኢሜይልም ይስጡ። በቴሌግራም ወይም በኤስኤምኤስ የመጣልዎትን የመግቢያ ኮድ «ቶሎ ላክልኝ» የሚል መልእክት ከሥራ ባልደረባዎ አካውንት ቢመጣ እንኳ አይላኩ፤ የእሱ አካውንት ተጠልፎ ይሆናል፤ በስልክ ደውለው ይጠይቁት።